«ጥናት አለ» ከተባለ በኋላ ምን ይጠየቃል?
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዚህ እትም ጥያቄዎች ሁሉ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ የሕክምና ጥናት ውጤት የአገር መመሪያ የሚሆነው እንዴት ነው? አንዳንዴስ ለምን ሳይሆን ይቀራል? ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የዕቅድ ባለሙያ ነኝ። በስብሰባ ላይ አንድ ሰው «ይሄ እኮ በጥናት የተረጋገጠ ነው» ካለ ክርክሩ እዚያው ያበቃል። ምን ዓይነት ጥናት እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው፤ ሐኪም ስላልሆንኩ ለመጠየቅ እፈራለሁ። ምን ብዬ ልጠይቅ? (ከደብረ ታቦር)

መልስ፦ ሐኪም አለመሆንዎ አያግድዎትም። ሒሳብ መቻልዎ እንዲያውም ይጠቅማል።

ፍርድ ቤት የተመላለሰ ሰው መረጃና ማስረጃ አንድ እንዳልሆኑ ያውቃል። የተሰማው፣ የታየው፣ የተጻፈው ሁሉ መረጃ ነው። ማስረጃ የሚሆነው ከተያዘው ጭብጥ ጋር ሲገናኝና ክብደቱ ሲመዘን ነው። ስለዚህ «ጥናቱ ምን ይላል?» ከማለትዎ በፊት «ጭብጣችን ምንድን ነው?» ይበሉ። ጭብጡን በአራት ከፍለው ያስጽፉ፦ ለማን? ምን ሊደረግለት? ያ ባይደረግ በምትኩ ምን ያገኝ ነበር? ምን ለውጥ እንዲመጣ ነው የምንፈልገው? ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ሦስተኛው ነው። አንድ መድኃኒት የተነጻጸረው ከባዶ ኪኒን ጋር ከሆነ፣ ዛሬ ጤና ጣቢያችሁ መደርደሪያ ላይ ካለው መድኃኒት ይሻል አይሻል እንደሆነ ጥናቱ አልነገራችሁም።

ከባድ ወባን እንውሰድ። ለረጅም ዘመን መድኃኒቱ በደም ሥር የሚሰጠው ኩዊኒን ነበር። በ2005 ከባንግላዴሽ፣ ከህንድ፣ ከኢንዶኔዥያና ከምያንማር 1,461 ሕሙማን በዕጣ ተመድበው የታከሙበት ጥናት ታተመ። ኩዊኒን ከወሰዱት 22 በመቶው ሲሞቱ አርቴሱኔት የተባለውን ሌላ የወባ መድኃኒት ከወሰዱት የሞቱት 15 በመቶው ናቸው። ውጤቱ ግልጽ ቢሆንም አብዛኞቹ ሕሙማን አዋቂዎች ነበሩ። የእስያ አዋቂ በከባድ ወባ ሲታመም ኩላሊቱ የሚደክምበትና ዓይኑ ቢጫ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የአፍሪካ ሕፃን ግን በብዛት የሚጠቃው በደም ማነስና በማንቀጥቀጥ ነው። ስለዚህ የእስያው ውጤት ለአፍሪካ ሕፃናት እንዳለ አልተወሰደም። በ2010 በ9 የአፍሪካ አገሮች በሚገኙ 11 ማዕከላት 5,425 ሕፃናት የተካተቱበት ሌላ ጥናት ወጣ፤ በኩዊኒን 10.9 በመቶ፣ በአርቴሱኔት 8.5 በመቶ ሞቱ። የዓለም ጤና ድርጅት አርቴሱኔትን ለሕፃናትም ያስቀደመው ከዚህ በኋላ፣ በ2011 ነው። ይህን ዓይነቱን ጥንቃቄ መዘግየት አድርገው አይቁጠሩት።

አሁን ወደ እርስዎ ሙያ እንምጣ። አንዱ ተነስቶ «አርቴሱኔት ሞትን ከ22 በመቶ በላይ ይቀንሳል» ቢል እውነቱን ነው። ሌላው «ከ100 ሕፃናት ተጨማሪ ሁለት ወይም ሦስት ያተርፋል» ቢል እሱም እውነቱን ነው። የሚያወሩት ስለ አንድ ጥናት ነው። ለዕቅድ የሚሆነው ግን ሁለተኛው አነጋገር ነው። ልዩነቱ ከመቶ 2.4 ያህል ስለሆነ፣ 41 ያህል ሕፃናት በኩዊኒን ፋንታ በአርቴሱኔት ሲታከሙ አንድ ተጨማሪ ሕፃን ይተርፋል ማለት ነው። ወረዳችሁ በዓመት 120 ከባድ ወባ ያለባቸው ሕፃናት የሚያክም ከሆነ ሦስት ሕይወት ነው። ስለዚህ በመቶኛ ብቻ ሲነገራችሁ «ከስንት ተነስቶ ስንት ደረሰ?» በሉ። ከመቶ ሃያ ይሞት የነበረውን ወደ አሥር ማውረድና ከአሥር ሺህ ሁለት ይሞት የነበረውን ወደ አንድ ማውረድ በወረቀት ላይ ሁለቱም «በግማሽ ቀነሰ» ይባላሉ።

ቀጥሎ የማስረጃውን ክብደት ይጠይቁ። መመሪያ አውጪዎች የሚጠቀሙበት «ግሬድ» የሚባለው አሠራር ማስረጃን በአራት ደረጃ ያስቀምጣል፦ ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ፣ በጣም ዝቅተኛ። በዕጣ ተመድቦ የተሠራ ጥናት ከከፍተኛው ይነሳና እንከን ሲገኝበት ዝቅ ይላል። የሚያወርዱት ምክንያቶች አምስት ናቸው፦ አሠራሩ የሚያዳላ ከሆነ፣ ጥናቶቹ እርስ በርስ ከተጋጩ፣ የተጠኑት ሰዎች ወይም ሁኔታው ከእኛ ጭብጥ ከራቀ፣ የተጠናው ሰው አንሶ ግምቱ ከሰፋ፣ ያልተሳካላቸው ጥናቶች ሳይታተሙ ቀርተዋል ተብሎ ከተጠረጠረ። በዕጣ ሳይመደብ በመከታተል ብቻ የተሠራ ጥናት አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከዝቅተኛው ነው። በወረዳ ደረጃ ከአምስቱ ምክንያቶች ሦስተኛውን ይያዙ፤ የቀሩትን የዓለም ጤና ድርጅትና የጤና ሚኒስቴር መመሪያ አዘጋጆች መርምረዋቸው ይሆናል። ስለ ወረዳችሁ የሚያውቀው ግን እናንተ ዘንድ ያለው ሰው ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። ዶክተር አልጋው አጠገብ ቆሞ ሲወስን ታማሚው «አልፈልግም» ሊለው ይችላል፤ ነገ ሁኔታው ሲለወጥ ውሳኔውንም ይቀይራል። ፖሊሲ ግን አንዴ ከወጣ በሺህ የሚቆጠሩ ጤና ኬላዎች ይደርሳል። ስህተት ከሆነም ስህተቱ እንደዚያው ይባዛል። ስለዚህ በቃለ ጉባኤው ላይ «ጥናት ስላለ ተወሰነ» ተብሎ አይጻፍ። የትኛው ማስረጃ፣ በምን ክብደት፣ ለማን እንደተወሰነና ምን ሲታይ እንደገና እንደሚታይ ይጻፍ።

ጥያቄ፦ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። ወባ የምንመረምርበት ፈጣን ኪት ተቀየረ። የድሮው ጥሩ ነበር፤ ቶሎ ያሳያል፣ መሥመሩም ደማቅ ነው። አዲሱ መሥመሩ ፈዘዝ ይላል፤ ሰውም «የድሮው ይሻላል» ይለኛል። ለምን ተቀየረ? (ከምዕራብ ጎንደር)

መልስ፦ ኪቱ አልተበላሸም፤ የተለወጠው ጥገኛ ተህዋሱ ነው።

የድሮው ኪት ፋልሲፓረም የተባለውን የወባ ዓይነት የሚያውቀው ተህዋሱ ወደ ደም የሚለቀውን ኤችአርፒ2 የተባለ ፕሮቲን በመያዝ ነው። ፕሮቲኑ በብዛት ስለሚለቀቅ መሥመሩ ደማቅ ይሆናል። ነገር ግን ይህን ፕሮቲን የሚያሠራው ዘረ መል የጎደለው ተህዋስ አለ። እንዲህ ያለው ተህዋስ ደም ውስጥ ሞልቶም ኪቱ «የለም» ይላል። ልጁ በወባ እየነደደ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ተህዋሱም ሳይታከም ወደ ትንኝ፣ ከትንኝ ወደ ሌላ ሰው ያልፋል። ኪቱ ራሱ የሚታየውን እያስመታ የማይታየውን እያስተረፈ ዘሩን ያበዛለታል ማለት ነው።

በመጀመሪያ የታየው በፔሩ ነበር። በ2016 ደግሞ በጎረቤት ኤርትራ በከፍተኛ መጠን ተገኘና አገሪቱ ኪቷን ቀየረች። በኢትዮጵያም ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን ጋር በሚዋሰኑ የትግራይ፣ የአማራና የጋምቤላ አካባቢዎች 12,572 ሰዎች የተመረመሩበት ጥናት ተሠርቶ ውጤቱ በ2021 ታተመ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ትኩሳት ይዞት የመጣ ሰው ሁሉ በሁለት ዓይነት ኪት ይመረመራል፤ አንዱ ኤችአርፒ2ን፣ ሌላው ፒኤልዲኤች የተባለውን ሌላ ፕሮቲን የሚያይ ነው። ሁለተኛው «አለ»፣ የመጀመሪያው «የለም» ካሉ የደረቀው የደም ጠብታ ወደ ላቦራቶሪ ሄዶ ዘረ መሉ ይታያል። ውጤቱ፣ ከፋልሲፓረም ሕሙማን 9.7 በመቶው በዘረ መል ጉድለት ምክንያት በድሮው ኪት ሳይታዩ ያልፉ ነበር።

ታዲያ አንድ ሰው እንኳ ሲያመልጥ ለምን ወዲያው አይቀየርም? ምክንያቱም አዲሱ ኪትም የራሱ ድካም አለው፤ ያስተዋሉት ፈዛዛ መሥመር ይኸው ነው። ተህዋሱ ደም ውስጥ ጥቂት ሲሆን ፒኤልዲኤች ኪት ሊስተው ይችላል። ሙቀትንም በአብዛኛው ያን ያህል አይችልም። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት መቀየሪያ ነጥቡን 5 በመቶ ላይ አደረገው። ከዚያ በታች ኪት መቀየር የሚያስመልጠው ሰው ከሚያስገኘው ሊበልጥ ይችላል፤ ከዚያ በላይ ሚዛኑ ይገለበጣል። 9.7 ከ5 ይበልጣል። ማስረጃ ወደ ፖሊሲ ሲሄድ እንዲህ አስቀድሞ የተቀመጠ ነጥብ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። ውጤቱ ከመጣ በኋላ ነጥቡን ማንሳትም ሆነ መጣል አይቻልማ።

አዲሱ ኪት አንድ የሚያስደስት ጎንም አለው። ኤችአርፒ2 ወባው ከታከመ በኋላ ለሳምንታት ደም ውስጥ ይቆያል፤ ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ያከሙት ሰው በድሮው ኪት ዛሬም «አለ» ሊባል ይችላል። ፒኤልዲኤች ግን ተህዋሱ ሲሞት ቶሎ ይጠፋል።

በሥራዎ ላይ እነዚህን ይያዙ። ፈዛዛም ቢሆን የታየ መሥመር መሥመር ነው፤ በደንብ ባለ ብርሃን ይዩት። ውጤቱን በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ደቂቃ ያንብቡ። ካለፈ በኋላ ደሙ ሲደርቅ የሐሰት መሥመር ሊያወጣ፣ ቸኩለው ካዩት ደግሞ እውነተኛው ሳይወጣ ሊቀር ይችላል። የአንዱን ማሸጊያ የመመርመሪያ ፈሳሽ ከሌላው ኪት ጋር አያቀላቅሉ። ሳጥኑን በቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ሳይሆን ጤና ኬላው ውስጥ ቀዝቃዛ በሆነው ቦታ፣ ከመሬት ከፍ አድርገው ያስቀምጡ። ኪቱ «የለም» ብሎ ትኩሳቱ ካልበረደ ለማይክሮስኮፕ ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩ፤ ይህንንም በመዝገብ ያስፍሩ። ቀጣዩ የአገር ውሳኔ የሚነሳው ከእንዲህ ዓይነቱ የእርስዎ መዝገብ ነው።

ጥያቄ፦ በእኛ አካባቢ ለትራኮማ ተብሎ ዚትሮማክስ የተባለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ለሕዝብ ይታደላል። ይህ መድኃኒት የሕፃናትን ሞት ይቀንሳል የሚል ጥናት እዚሁ ጎጃም ተሠርቷል ሲባል ሰማሁ። እውነት ከሆነ ለአገሪቱ ሕፃናት ሁሉ ለምን አይሰጥም? (ከቢቸና)

መልስ፦ የሰሙት እውነት ነው። የተሠራውም ከእርስዎ ብዙም ሳይርቅ፣ በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ነው። ጥናቱ በመሠረቱ ስለ ትራኮማ ነበር። ከ1 እስከ 9 ዓመት ባሉ ልጆች መካከል የሞቱት ሲቆጠሩ ግን፣ መድኃኒቱ ባልተሰጠባቸው ንዑስ ቀበሌዎች በዓመት ከ1,000 ልጆች 8.3፣ በተሰጠባቸው 4.1 ሆነው ተገኙ። በ2009 ሲታተም በዓለም ደረጃ ብዙ ሰው አስገረመ።

ነገር ግን ሞት የጥናቱ ዋና ጭብጥ አልነበረም፤ የሞቱት ልጆች ቁጥርም ትንሽ ነው። ግምቱ ሲሰላ ጥቅሙ ከ10 በመቶ እስከ 71 በመቶ የትም ሊሆን ይችል ነበር። እንዲህ ያለ ውጤት ሌላ ጥናት ለመጀመር በቂ ነው፤ የአገር ፖሊሲ ለማውጣት አይበቃም። ስለዚህ በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛንያ በ1,533 መንደሮች ከ1 እስከ 59 ወር ላሉ ሕፃናት በዓመት ሁለቴ ለሁለት ዓመት እየተሰጠ ተፈተሸ። በ2018 የወጣው ውጤት ሞት በአማካይ 13.5 በመቶ ቀነሰ የሚል ነበር። አማካዩ ግን ብዙ ይደብቃል፤ በኒጀር 18.1፣ በማላዊ 5.7፣ በታንዛንያ 3.4 በመቶ ነበር። ሕፃናት በብዛት በሚሞቱበት ጥቅሙ ጎላ፣ ሞት በቀነሰበት ደበዘዘ።

ሌላው ወገን ደግሞ አለ። በዚያው በጎንቻ ጥናት መድኃኒቱ በየሦስት ወሩ በተሰጠባቸው መንደሮች ከልጆች አፍንጫ ናሙና ተወስዶ ነበር። የሳንባ ምች ከሚያመጣው ኒሞኮከስ ባክቴሪያ ጋር በተያያዘ፣ መድኃኒቱን የተላመደ (መድኃኒቱ የማይገድለው) ዘር የተገኘባቸው ልጆች መጀመሪያ 3.6 በመቶ ነበሩ፤ ከአንድ ዓመት በኋላ 46.9 በመቶ ሆኑ። ጥቅሙንም ጉዳቱንም ለዓለም ያሳየው አንድ ወረዳ መሆኑ ነው። ለዛሬው ሕፃን የሚሰጠው መድኃኒት ለነገው ሕፃን እንዳይሠራ ሊያደርግ ስለሚችል፣ ውሳኔው የመድኃኒቱን ዋጋ ብቻ አይቶ አይወሰንም።

በ2020 የዓለም ጤና ድርጅት የሰጠው ምክር ሁለቱንም የያዘ ነው። ለሁሉም ሕፃናት በጅምላ አይሰጥ፤ ነገር ግን ከአንድ ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሞት ከ1,000 ከ60 በላይ፣ ወይም ከአምስት ዓመት በታች ያሉት ሞት ከ80 በላይ በሆነበት ቦታ፣ የመድኃኒት መላመድ ክትትል እየተደረገ፣ ከ1 እስከ 11 ወር ላሉት ሊታሰብበት ይችላል አለ። ይህ «በሁኔታ ላይ የተመሠረተ» የሚባለው ዓይነት ምክር ነው፤ አገሩ ራሱ አይቶ እንዲወስን የተተወ።

አሁን የእኛን ቁጥር ያስገቡበት። በ2016 የሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ከአምስት ዓመት በታች ሞት ከ1,000 67፣ ከአንድ ዓመት በታች 48 ነበር። ሁለቱም ድርጅቱ ካስቀመጠው ነጥብ በታች ናቸው፤ እንደ አገር አንገባም። ነገር ግን በዚያው ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ሞት በአዲስ አበባ 39 ሲሆን በአፋር 125 ነበር። ጥያቄዎን «ለአገሪቱ ሁሉ ለምን አይሰጥም?» ከማለት ወደ «በየትኛው ክልልና ወረዳ ይመርመር?» ቢለውጡት ጤና ባለሙያዎችም በቀላሉ መልስ ያገኙለታል።

ጉዳዩ ገና አልተዘጋም። በ2024 ከኒጀር የወጣ ሌላ ጥናት መድኃኒቱ እስከ 59 ወር ላሉት ሁሉ ሲሰጥ ሞት በ14 በመቶ ሲቀንስ፣ ከ1 እስከ 11 ወር ላሉት ብቻ ሲሰጥ ግን ግልጽ ጥቅም አለመታየቱን አሳይቷል። የመድኃኒት መላመድን ለመቆጠብ ተብሎ የዕድሜ ክልሉን ማጥበብ ጥቅሙን ራሱን ሊያሳጣ ይችላል ማለት ነው። በአካባቢዎ ለትራኮማ የሚሰጠው ግን የተለየ ጭብጥ ነው፤ ዕደላው ሲመጣ ልጆችዎን ይውሰዱ።

ጥያቄ፦ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ምጥ ያለ ጊዜው ሲመጣ ለእናት ዴክሳሜታዞን መስጠት የሕፃኑን ሳንባ ያደርሳል ብለው አስተምረውናል። በሥልጠና ላይ ደግሞ «ጤና ጣቢያ ላይ አትስጡ» ተባልን። የቱ ነው ትክክል? (ከአርባ ምንጭ)

መልስ፦ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ልዩነቱ ያለው መርፌው የሚሰጥበት ቦታ ላይ ነው።

ከሀብታም አገር ሆስፒታሎች የተሰበሰበው ማስረጃ ለብዙ ዓመታት ጥሩ ነበር። ያንን ይዘው በስድስት አገሮች፣ ከእነዚህም ኬንያና ዛምቢያ ባሉበት፣ ወደ 100,000 የሚጠጉ ወሊዶችን በያዘ ጥናት ሕክምናውን ወደ ገጠር አወረዱት። በ2015 ውጤቱ ሲወጣ የጨቅላዎች ሞት እንደተጠበቀው አልቀነሰም፤ በአጠቃላይ ከ1,000 ወሊድ ሦስት ተኩል ያህል ጨመረ። በእናቶችም ላይ ኢንፌክሽን በዛ። የእርግዝና ዕድሜው በትክክል ስለማይታወቅ መርፌው ከተሰጣቸው እናቶች ብዙዎቹ የወለዱት ጊዜውን የጠበቀ ወይም ለመድረስ ጥቂት የቀረው ሕፃን ነበር። ለእንዲህ ዓይነቱ ሕፃን ጥቅም የለውም፤ ጉዳቱ ብቻ ይቀራል።

ቀጥሎ የዓለም ጤና ድርጅት በባንግላዴሽ፣ በህንድ፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያና በፓኪስታን 29 ሆስፒታሎች 2,852 እናቶችን አስገብቶ ፈተሸው። እዚህ የእርግዝና ዕድሜው በአልትራሳውንድ ታውቋል፤ ከ26 እስከ 34 ሳምንት ባለው ጊዜ ብቻ ተሰጥቷል፤ ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን የሚንከባከብ ክፍልም አለ። በ2020 ውጤቱ ወጣ፤ ከሕፃናቱ የሞቱት ዴክሳሜታዞን ባልተሰጠበት ወገን 23.5 በመቶ፣ በተሰጠበት 19.6 በመቶ ነበሩ። መድኃኒቱ ያው ዓይነት ነው፤ 6 ሚሊ ግራም በየ12 ሰዓቱ አራት ጊዜ በጡንቻ።

ስለዚህ ከመውጋትዎ በፊት አራት ነገር ያረጋግጡ፦ የእርግዝናው ዕድሜ በርግጥ ይታወቃል? እናቲቱ ትኩሳት ወይም ሽታ ያለው ፈሳሽ የላትም? ወሊዱ በሰባት ቀን ውስጥ ሊሆን ነው? ሕፃኑ የሚወለደው ሞቅ ባለ ክፍል፣ ኦክስጅንና ገላ ለገላ እንክብካቤ ባለበት ነው? ጤና ጣቢያችሁ ይህ ከሌለው የመጀመሪያው ሕክምና አምቡላንስ ነው። የመጀመሪያው መጠን እዚያው ይሰጥ ወይስ ሆስፒታል ስትደርስ የሚለውን ከሚቀበላት ሆስፒታል ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙበት፤ ሌሊት በስልክ የሚጨቃጨቁበት አይሁን።

ጥያቄ፦ ማስረጃ ያለው ነገር ሁሉ ከመንግሥት በጀት መከፈል የለበትም? ወይስ የሚመረጠው ርካሹ ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ማስረጃ ያለው ሁሉ ቢከፈል በጀቱ ከዓመቱ አጋማሽ አያልፍም። ርካሹ ብቻ ቢመረጥም የከበደ በሽታ ያለበት ይረሳል። ጤና ሚኒስቴር በ2019 መሠረታዊ የጤና አገልግሎት ማዕቀፉን ሲከልስ 1,018 አገልግሎቶችን መዝኖ 594ቱን ከፍተኛ ቅድሚያ የሚሰጣቸው አድርጓል። መመዘኛዎቹ ሰባት ነበሩ፦ የበሽታው ጫና፣ ለወጣው ገንዘብ የሚገኘው ጤና፣ ፍትሐዊነት፣ ቤተሰብን ከድህነት መከላከሉ፣ በበጀት ላይ የሚያሳድረው ጫና፣ በሕዝብ ዘንድ ያለው ተቀባይነትና የፖለቲካ ተቀባይነቱ። የመጨረሻውን የሚነቅፉ አሉ። እኛ በግልጽ መጻፉን እንመርጣለን፤ ባይጻፍም ከውሳኔው ክፍል አይወጣምና።

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ የምንኖር የአንድ አካባቢ ተወላጆች ማኅበር ነን። ገንዘብ አሰባስበን ለአካባቢያችን ጤና ጣቢያዎች የእርግዝና መመርመሪያ አልትራሳውንድ ልንልክ ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው?

መልስ፦ ሐሳባችሁ ከልብ የመነጨ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ግን አንድ ጥናት እወቁ። በዴሞክራቲክ ኮንጎ፣ በጓቲማላ፣ በኬንያ፣ በፓኪስታንና በዛምቢያ የገጠር ጤና ጣቢያዎች ሠራተኞች ሠልጥነው ነፍሰ ጡሮችን በአልትራሳውንድ እንዲያዩ ተደረገ። በ2018 የታተመው ውጤት የእናቶችም የሕፃናትም ሞት አለመቀነሱን፣ በሆስፒታል የሚወልዱትም አለመጨመራቸውን አሳየ። ማሽኑ ችግሩን ያያል፤ ችግሩን የሚፈታው ግን ከዚያ ቀጥሎ ያለው መንገድ፣ አምቡላንስና ቀዶ ሕክምና ነው።

ይህ ማለት አልትራሳውንድ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ24 ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ እንዲታይ ይመክራል፤ ከላይ ለአርባ ምንጯ አዋላጅ እንደመለስነው የእርግዝናን ዕድሜ በትክክል ማወቅ ለሕይወት የሚጠቅምበት ቦታ አለ። ይህ የሚሆነው ግን እናቲቱ በጊዜ ስትመጣ ነው። በዘጠነኛው ወር የሚለካ ዕድሜ በሳምንታት ሊሳሳት ይችላል።

ስለዚህ ለጤና ጣቢያዎቹ በመጀመሪያው ደብዳቤያችሁ ይህን ጠይቁ፦ ባለፈው ዓመት ከተመዘገቡት ነፍሰ ጡሮች ከ24 ሳምንት በፊት የመጡት ስንት ናቸው? የሚያየው ማን ነው? እሱ ቢዛወር የሚተካውስ? መብራት በቀን ስንት ሰዓት ይኖራል፣ የኤሌክትሪክ ኃይል ማረጋጊያስ አለ? ጄሉ ሲያልቅ ከየት ይገዛል፣ በየትኛው በጀት? ቀዶ ሕክምና የሚሠራው ሆስፒታል በስንት ሰዓት ይደረሳል? ስለ ማስገቢያው ፈቃድ ደግሞ ዕቃው ከመጫኑ በፊት የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ጠይቁ፤ ጉምሩክ ላይ ተይዞ የሚከርም ማሽን ለማንም አይሆንም። ለመጀመሪያው ጥያቄ የሚመጣው መልስ «በጣም ጥቂት» ከሆነ፣ የዚህ ዓመቱን ገንዘብ ለነፍሰ ጡሮች ማቆያ ቤትና ለአምቡላንስ ጥገና አድርጉት። ማሽኑን በመዝገቡ ላይ በጊዜ የሚመጡት ሲበዙ ላኩት።